ከመዝገብ አንባቢ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የኮምፒዩተር ጥበቃ ሙያ አመጣጥና የገጠመው ለውጥ

ማናቸውም የጥበቃ ሙያ ከመዝገብ ይጀምራል። የግምጃ ቤት ዘበኛ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ካልያዘ ጥበቃው በዐይን ላይ ብቻ ይመሠረታል፤ ዐይን ደግሞ ይደክማል። ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገለገሉበት መሣሪያ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ይኸውም በአንድ መኪና ላይ መቶ ሰው ሲሠራ ማን በፈቃድ፣ ማንስ ያለ ፈቃድ እንደሚሠራ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሰጡት መልሶች የተለያዩ ቢሆኑም አቅጣጫቸው አንድ ነው። መዝገቡን የማንበቡ ሥራ ቀስ በቀስ ከሰው እጅ ወጥቶ ለመኪና ተሰጥቷል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚል ስም የሚጠራው የዕውቀት ዘርፍ በሳይበር ደኅንነት ላይ ያመጣው ለውጥ የዚሁ ረጅም ጉዞ ክፍል ነው። ለትምህርት ሰዎች ግን ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው፤ የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ሙያቸውን የተማሩት መዝገብ በማንበብ ስለ ነበር፣ ንባቡ ለመኪና ሲሰጥ ተተኪው በምን ላይ ተለማምዶ ባለሙያ እንደሚሆን መጠየቅ ግድ ይሆናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዝገቡ መብዛት

ጀምስ አንደርሰን የተባሉ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1972 ለአገራቸው አየር ኃይል ባቀረቡት ጥናት፣ በዚያን ጊዜ በጋራ አገልግሎት ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ሆን ብሎ ሊጎዳቸው የተነሣን ተጠቃሚ ለመቋቋም እንዳልተሠሩ በግልጽ አስታውቀው ነበር። ያቀረቡት መፍትሔ ኮምፒዩተሩን ከመሠረቱ ጀምሮ አስተማማኝ አድርጎ መሥራት የሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ውድና አዝጋሚ በመሆኑ አብዛኛው መሥሪያ ቤት በነበረው መሣሪያ መሥራቱን ቀጠለ። እኒሁ ሰው በኤፕሪል 1980 ያወጡት ሁለተኛ ጥናት ለዚህ ታሪክ የበለጠ ይጠቅማል። ትላልቅ ኮምፒዩተሮች ማን በስንት ሰዓት ሥራ እንደጀመረ፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተና ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመ መዝግበው ይይዙ ነበር። መዝገቡ በብዙ ቦታ ይፈለግ የነበረው እያንዳንዱ ክፍል የሚከፍለውን ሒሳብ ለማስላት ነው። አንደርሰን ይኸው መዝገብ ለጥበቃም እንዲውል አሳሰቡ። አጥፊዎችንም በሦስት ከፈሏቸው፤ የመጀመሪያው የሌላውን ሰው ስምና የምስጢር ቃል ይዞ የሚገባ አስመሳይ ነው፤ ሁለተኛው በራሱ ስም ገብቶ የተሰጠውን ሥልጣን ያለ አግባብ የሚጠቀም ባለመብት ነው፤ ሦስተኛው ከመዝገቡ ራሱ አምልጦ የሚሠራ ስውር ተጠቃሚ ነው። አስመሳዩ ከእውነተኛው ባለቤት የሚለየው በልማዱ ነው። ባለቤቱ ዘወትር ቀን የሚሠራ ሆኖ ሳለ በስሙ ሌሊት የተሠራ ነገር ከተገኘ፣ ወይም ከፍቶት የማያውቀው ፋይል ተደጋግሞ ከተከፈተ፣ ጠባቂው ሊጠረጥር ይገባዋል ማለት ነው።

ሆኖም ጠባቂው ይህን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ አልነበረውም። አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በቀን የሚያወጣው መዝገብ በወረቀት ቢታተም አንድ ሰው በሳምንት አንብቦ አይጨርሰውም። ስለዚህ የአንደርሰን ዋና ምክር መኪናው ራሱ መዝገቡን አጣርቶ ያልተለመደውን ብቻ ለሰው እንዲያቀርብ ነበር። ይህን ምክር ወደ ሥራ የለወጡት በካሊፎርኒያ በሚገኘው ኤስ. አር. አይ. በተባለው የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዶሮቲ ዴኒንግና ፒተር ኖይማን ናቸው። ዴኒንግ በፌብሩዋሪ 1987 ያሳተሙት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የልማድ መግለጫ እንዲዘጋጅለት፣ መኪናውም የዕለቱን ድርጊት ከዚያ መግለጫ ጋር እያነጻጸረ ልዩነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ደወል እንዲያሰማ የሚያደርግ ሥርዐት አቀረበ። በዚህ ዘመን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ደኅንነት በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይገኛል።

ሰባ አምስት ሳንቲም

የዴኒንግ ሥርዐት በወረቀት ላይ በነበረበት ጊዜ ያው ሥራ በሰው እጅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጉዳይ በዚያው በካሊፎርኒያ ተከሠተ። በኦገስት 1986 የሥነ ፈለክ ምሁሩ ክሊፎርድ ስቶል ለምርምር የተመደበላቸው ገንዘብ በማለቁ በሎረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ተዛውረው ነበር። የተሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የታየውን የ75 የአሜሪካ ሳንቲም ጉድለት ማጣራት ነበር። ጉድለቱ የመጣው አንድ ያልታወቀ ተጠቃሚ ለጥቂት ሰኮንዶች በኮምፒዩተሩ ሠርቶ ሒሳቡን ሳይከፍል በመሄዱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልዩነቱን ከኪሱ ከፍሎ መዝገቡን በዘጋ ነበር። ስቶል ግን ተከታተሉት። በውጭ የስልክ መስመር የሚገባውን ሰው እያንዳንዱን ቃል በወረቀት ለማስቀረት ከየቢሮው የማተሚያ መሣሪያዎችን ሰብስበው በሃምሳ ያህል መስመሮች ላይ ተከሉ፤ ማታም በቢሮአቸው ወለል ላይ አደሩ። ወራት ከፈጀ ክትትል በኋላ ሰውየው በምዕራብ ጀርመን በሐኖቨር ከተማ የሚኖር ማርኩስ ሄስ መሆኑ ታወቀ። ሄስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከአሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒዩተሮች የሰበሰበውን መረጃ ለሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት ይሸጥ ነበር፤ በ1990ም በአገሩ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ።

ሰውየው የተያዘበት ዘዴም ሊታወስ ይገባል። የስልኩን መስመር እስከ ጀርመን ድረስ ለመከተል ጊዜ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ስቶል ስለ አንድ የሌለ ወታደራዊ ዕቅድ የሚናገሩ የሐሰት ሰነዶች አዘጋጅተው በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጡ። ሄስ እነርሱን ሲያነብና ሲገለብጥ መስመሩን ለመከተል የሚበቃ ጊዜ ተገኘ። ወጥመዱ ሊዘጋጅ የቻለው ስቶል በወራት ንባብ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ዓይነት ቃል ሲያይ እንደሚቆም ስለ ተረዱ ነው። ደወል የሚያሰማ መኪና ቢኖር ጉድለቱን ከእርሳቸው ፈጥኖ ባገኘው ነበር፤ የሰውየውን ፍላጎት ግን አይነግራቸውም። ደግሞም ስቶል ይህን ሥራ ሲጀምሩ የደኅንነት ባለሙያ አልነበሩም። ባለሙያ ያደረጋቸው ያ ሁሉ ወረቀት ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢንተርኔት ላይ ራሱን እያባዛ የሚጓዝ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ 432 ቃላት የያዘ ዝርዝር ነበረው፤ ዝርዝሩን እየሞከረ የተጠቃሚዎችን የምስጢር ቃል ይገምት ነበር። አስቀድሞ የገባበትን ኮምፒዩተር እንዲተው የታሰበ ቢሆንም ከሰባት አንድ ጊዜ ግን በግድ እንዲባዛ ተደርጎ ስለ ተጻፈ ኮምፒዩተሮቹ በብዛቱ ታፍነው ቆሙ። የተጎዱት 6,000 ያህል እንደሆኑ ተገመተ፤ በዚያን ጊዜ በመረቡ ላይ ነበሩ ከሚባሉት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች አንድ አሥረኛው መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ አጥቂው መኪና፣ ተከላካዩ ሰው ነበር። በበርክሊና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ፕሮግራሙን ፈትተው በማንበብ መድኃኒቱን አገኙ። በዚያው ወር የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለ አደጋ ፈጥኖ የሚደርስ ቋሚ ቡድን አቋቋመ። የሳይበር ደኅንነት ከትርፍ ሥራነት ወጥቶ ራሱን የቻለ የደመወዝ ሥራ መሆን የጀመረበትን ዘመን ከዚህ መቁጠር ስሕተት አይሆንም። ሞሪስም በ1990 የሦስት ዓመት የቁጥጥር ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

የደወሉ ችግር

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደወል የሚያሰሙት መሣሪያዎች በገበያ ላይ በዙ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ተተከሉ። ያልተጠበቀው ችግር መሣሪያዎቹ ከመጠን በላይ መናገራቸው ነበር። ስዊድናዊው ተመራማሪ ስቴፋን አክሰልሰን በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህን ምክንያት በቀላል የሂሳብ ስሌት አሳዩ። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት በቀን 1,000,000 የመዝገብ መስመሮች ቢኖሩትና ከእነዚህ ውስጥ የአጥቂ ሥራ የሆኑት 20 ብቻ ቢሆኑ፣ መሣሪያው ሃያዎቹን ሁሉ ሳይስት ቢይዝና ንጹሑን መስመር በስሕተት የሚከሰው ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ ሲታይ እጅግ የተዋጣለት መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከንጹሐኑ ከመቶ አንዱ 10,000 ያህል ነው። ስለዚህ ጠባቂው በዚያ ቀን ከሚሰማቸው አምስት መቶ ደወሎች እውነተኛው አንዱ ብቻ ይሆናል። ከሁለት ደወሎች አንዱ እውነት እንዲሆን ከተፈለገ መሣሪያው ከ50,000 ንጹሕ መስመሮች አንዱን ብቻ መሳሳት ይኖርበታል። የአጥቂ ሥራ ብርቅ መሆኑ ራሱ ጠባቂውን ያደክመዋል።

በልጆች መማሪያ የሚገኘው ተኩላ መጣ እያለ መንደሩን የሚያታልለው እረኛ ተረት እዚህ ላይ ይታወሳል፤ ልዩነቱ መኪናው የማይዋሽ መሆኑ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። በ2013 መጨረሻ ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የመደብር ድርጅት የ40 ሚሊዮን ደንበኞች የክፍያ ካርድ ቁጥር ሲዘረፍበት መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንደ ነበር፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ግን በጊዜው እርምጃ እንዳልወሰዱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ተገልጿል። ዘራፊዎቹ የገቡት ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ በሚያከናውን ተቋራጭ ስም ነው፤ አንደርሰን በ1980 አስመሳይ ብለው በጠሩት መንገድ ማለት ነው።

ደወሉን የማበጠር አስፈላጊነት አዲስ የሥራ መደብ ፈጠረ። ትላልቅ ድርጅቶች ቀንና ሌሊት የሚሠራ የክትትል ክፍል አቋቁመው ሠራተኞቹን በደረጃ መደቡ። በመጀመሪያው ደረጃ የሚቀመጡት አዲስ ምሩቃን ናቸው፤ ሥራቸውም ደወሉን ተቀብሎ እውነተኛ የሚመስለውን ለበላዮቻቸው ማሳለፍ ነው። ሥራው አሰልቺ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙዎችም ሳይቆዩ ይለቃሉ። ይሁን እንጂ የቆዩት በሺህ የሚቆጠሩ የሐሰት ደወሎችን ከመረመሩ በኋላ እውነተኛውን በሽታው ያውቁታል። ይህ ዕውቀት በመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ የስቶል ወረቀት በሌላ መልክ የቀጠለው በዚህ ወንበር ላይ ነው።

በምሳሌ የሚማረው መኪና

እስከ ምዕተ ዓመቱ መለወጫ ድረስ የነበሩት መሣሪያዎች አብዛኛው ዕውቀታቸው በሰው የተጻፈ ሕግ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መኪናን በምሳሌ የማስተማር ዘዴ ተስፋፋ። በኦገስት 2002 ፖል ግራሃም የተባሉ የፕሮግራም ጸሐፊ አላስፈላጊ የማስታወቂያ ደብዳቤን በቃላቱ ድግግሞሽ የሚለይ ዘዴ ይፋ አደረጉ። መኪናው ብዙ መልካምና ብዙ መጥፎ ደብዳቤዎች ተሰጥተውት የትኛው ቃል ወደየትኛው እንደሚያዘነብል ራሱ ያሰላል። ዘዴው ሠራ፤ ሆኖም ላኪዎቹ በደብዳቤዎቻቸው መጨረሻ ላይ የዋህ ቃላትን እያከሉ መኪናውን ማሳሳት ጀመሩ። በ2004 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ትግል እንደ ጨዋታ ቆጥረው በሂሳብ ገለጹት፤ አንዱ ወገን ሲማር ሌላው ወገን የተማረውን ለማክሸፍ ይማራል። ሮቢን ሶመርና ቬርን ፓክሰን ደግሞ በ2010 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በምሳሌ የሚማር መኪና የሚበረታው ቀደም ሲል ያየውን የሚመስለውን በማግኘት እንደሆነ፣ የደኅንነት ጠባቂ ግን የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያልታየውን እንደሆነ አስገንዝበዋል። ይህ ማሳሰቢያ ዛሬም አላረጀም።

በኦገስት 4 ቀን 2016 በላስ ቬጋስ ከተማ ያለ ሰው እርዳታ እርስ በርሳቸው የሚዋጉ ሰባት ኮምፒዩተሮች ለውድድር ቀረቡ። ውድድሩን ያዘጋጀው ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር አይቶት በማያውቀው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ክፍተት ፈልጎ፣ የራሱን ጠግኖ፣ በተቃዋሚው ክፍተት ማጥቃት ይጠበቅበት ነበር። ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሰዎች የሠሩት ማይሄም የተባለው ኮምፒዩተር አሸንፎ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። ወዲያው ከሰው ቡድኖች ጋር በሚደረገው ዓመታዊ ውድድር ላይ ተሰልፎ የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። በውድድሩ መካከል አንዳንድ የሰው ቡድኖችን ቀድሞ የታየበት ጊዜ ስለ ነበር አስተዋዮች በውጤቱ አልተዘናጉም።

በኖቬምበር 2022 ቻት ጂ. ፒ. ቲ. ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ የሰውን ቋንቋ የሚጽፉት ትላልቅ ሞዴሎች የፕሮግራም ቋንቋንም እንደሚያነብቡ ግልጽ ሆነ። በኖቬምበር 2024 ጎግል በእንዲህ ዓይነት ሞዴል የሚሠራ መሣሪያው በሰፊው ሥራ ላይ በዋለው ኤስ. ኪው. ላይት በተባለው የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ያልታወቀ ክፍተት እንዳገኘ አስታወቀ፤ ክፍተቱም ለተጠቃሚዎች ከመሠራጨቱ በፊት ተዘጋ። በኦገስት 2025 ዳርፓ ባካሄደው ሁለተኛ ውድድር መጨረሻ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ሥርዐቶች ሆን ተብለው ከተቀበሩት ክፍተቶች 54ቱን አግኝተው 43ቱን ራሳቸው ጠገኑ፤ በተጨማሪም ማንም ያልቀበራቸውን 18 እውነተኛ ክፍተቶች አገኙ። የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የሳምሰንግና የኮሪያ ተመራማሪዎች የተባበሩበት ቡድን በአንደኝነት አራት ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የታየው ርቀት ከዚህ ይገባል።

አጥቂዎችም አልዘገዩም። በ2024 መጀመሪያ አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምህንድስና ድርጅት የሆንግ ኮንግ ቢሮ ሠራተኛ ከዋናው የገንዘብ ኃላፊ የተላከ የሚመስል የምስጢር ክፍያ መልእክት ደረሰው። ሠራተኛው መልእክቱን ጠረጠረው። በኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ የኃላፊውንና የሚያውቃቸውን የሥራ ባልደረቦች ፊትና ድምፅ ባየና በሰማ ጊዜ ጥርጣሬውን ተወ። በስብሰባው ላይ ከእርሱ በቀር እውነተኛ ሰው አልነበረም። በ15 ጊዜ ዝውውር 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ማለት 25 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ዶላር ጠፋ። ሠራተኛው ለደብዳቤው የነበረውን ጥርጣሬ ለፊት አላደረገውም፤ ማን ያደርገዋል? የቀድሞው የኢትዮጵያ ነገሥታት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤን የሚያረጋግጠው በማኅተም ነበር፤ የመልእክቱ እውነተኝነት ከመልእክተኛው መልክ ተለይቶ በሌላ ነገር እንዲጸና ማለት ነው። አሁን ለባንክና ለገንዘብ ሠራተኞች የሚሰጠው ምክር፣ ይኸውም ትእዛዙ ከማንም ቢመጣ አስቀድሞ በሚታወቅ የስልክ ቁጥር መልሶ ደውሎ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ሥርዐት የራቀ አይደለም።

በኖቬምበር 2025 ደግሞ አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራሱ ሞዴል ለስለላ እንደዋለ ይፋ አደረገ። ኩባንያው በቻይና መንግሥት ይደገፋል ብሎ የሚያምንበት ቡድን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ድርጅቶችን ሲያጠቃ፣ ከሥራው ከመቶ ሰማንያ እስከ ዘጠና የሚሆነውን ያከናወነው ሞዴሉ ነበር፤ ሰዎቹ ጣልቃ የገቡት በጥቂት የውሳኔ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ሞዴሉ እንዲታዘዛቸው ያደረጉት የሕጋዊ የደኅንነት ድርጅት ሠራተኞች መስለው በመቅረብና ሥራውን በትናንሽ ክፍሎች ቆራርጠው በመስጠት ነው። የአንደርሰን አስመሳይ በዚህ ጊዜ ያታለለው መኪናውን ራሱን መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ሞዴሉ አንዳንድ ጊዜ ያላገኘውን የምስጢር ቃል አገኘሁ ይል ስለ ነበር አጥቂዎቹም የሚነግራቸውን ሁሉ ማረጋገጥ ነበረባቸው።

የጀማሪው ወንበር

የሙያውን ገበያ በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አይ. ኤስ. ሲ. ስኩዌር የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር ያወጣው ቁጥር ነው። በ2024 ማኅበሩ በመላው ዓለም 5.5 ሚሊዮን ያህል የሳይበር ደኅንነት ሠራተኞች እንዳሉና ሌላ 4.8 ሚሊዮን እንደሚያስፈልግ ገምቷል። ይህ ቁጥር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። 4.8 ሚሊዮን የሚለው ድርጅቶች በሚገባ ለመጠበቅ ያስፈልገናል የሚሉትና ያላቸው ሠራተኛ ልዩነት ነው፤ ማስታወቂያ የወጣበት ክፍት ቦታ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የሠራተኛው ብዛት ከቀዳሚው ዓመት ብዙም እንዳልጨመረ ይኸው ጥናት ያስረዳል። ወጣቶችን ወደዚህ ሙያ የሚጠሩት ማስታወቂያዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሰው ሁለተኛውን ይተዋሉ።

መኪናው ዛሬ በሚገባ የሚሠራው ሥራ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ደወሉን ተቀብሎ ከሌሎች መዝገቦች ጋር ያስተያያል፤ ማጠቃለያ ይጽፋል፤ ምናልባት ሐሰት ነው ብሎም ሐሳብ ያቀርባል። ለድርጅቱ ይህ ጥቅም ነው፤ የአክሰልሰን አሥር ሺህ ደወል ወደ ጥቂት መቶ ይወርዳል። ነገር ግን የከፍተኛው ደረጃ ባለሙያ ከየትም አይመጣም፤ ከታችኛው ወንበር ተነሥቶ ይወጣል። የሦስተኛ ደረጃ ሠራተኛ ብቻ እየቀጠረ የመጀመሪያ ደረጃ የሚዘጋ ድርጅት ሌላው ድርጅት ያሠለጠነውን ሰው ይወስዳል፤ ሁሉም እንዲህ ካደረጉ ግን የሚወሰድ አይኖርም። ይህ ስጋት ከሥራ መጥፋት ስጋት የተለየ ነው፤ ወዲያው ስለማይታይም ይበልጥ ያሳስባል።

በኢትዮጵያ ሙያው ወጣት ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘብ ዝውውርን በእጅ ስልክ ስላስገባ ቀድሞ ለባንክ ሠራተኛ ብቻ ያሳስብ የነበረው ማታለል የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። የማታለያ መልእክት በተበላሸ አማርኛ የሚታወቅበት ዘመንም እያለፈ ነው፤ ሞዴሎቹ አማርኛን በየዓመቱ ይበልጥ አሳምረው ይጽፋሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራም፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙ ወጣቶች ማዳረስ የሚያስመሰግን ነው። በእነዚህ ኮርሶች የሚሰጠው ምስክር ወረቀት የመዝገብ ንባብ ልምምድን ግን አይተካም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪው እውነተኛ መልክ ያለው፣ የሰው ስም የተሰወረበት መዝገብ ሰጥተው መጀመሪያ ያለ መኪና፣ ቀጥሎ ከመኪናው መልስ ጋር እያስተያየ እንዲያነብ ቢያደርጉ፣ ድርጅቶች የሚዘጉትን ወንበር በከፊል በትምህርት ቤት ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመምህሩን ጊዜ ነው።

የልምምዱ ዋጋ ምን እንደሆነ በቅርቡ ከርል በተባለው ፕሮግራም ላይ በደረሰው ነገር ታይቷል። ከርል በኢንተርኔት ፋይል ለማስተላለፍ የሚያገለግል፣ በስልክ፣ በተሽከርካሪና በቴሌቪዥን ሳይቀር የሚገኝ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን የሚመሩት ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ናቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ ክፍተት ላገኘ ሰው ገንዘብ ይከፈል ነበር። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስቴንበርግ በሞዴል ተጽፈው የሚላኩ፣ አጻጻፋቸው ያማረ፣ ይዘታቸው ግን ሐሰት የሆነ ሪፖርቶች እንደበዙባቸው መግለጽ ጀመሩ። በ2025 አጋማሽ እንደተናገሩት በዚያ ዓመት ከደረሷቸው ሪፖርቶች እውነተኛ ክፍተት ሆነው የተገኙት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ናቸው። ላኪዎቹ ማብራሪያ ሲጠየቁ የጥያቄውን መልስ ደግሞ ከሞዴሉ ያመጡ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ግን አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ያገኛቸውን ስሕተቶች ረጅም ዝርዝር ላከ፤ ስቴንበርግም ዝርዝሩን በይፋ አመሰገኑ፤ በእርሱም መነሻነት በደርዘን የሚቆጠሩ እርማቶች ተደረጉ። የገንዘብ ሽልማቱ በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ ቆመ። ሪፖርት ማንበቡ ግን አልቆመም፤ የሚያነቡትም ጥቂት ሰዎች ናቸው።